ዘጠና ሺህ ሳይሞላ

መስከረም 20

ይድረስ ለምወድህና ለምሳሳልህ ወንድምዓለም፣

ከራስ ጠጉርህ እስከ እግር ጥፍርህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ ካንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም። አባባ ደህና ነው። ደህና ብቻ ሳይሆን ጎርምሷል ብል ይቀለኛል።

የላክልን መኪና ከመጣ እነሆ ሁለት ወር ሞላው። አባባ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጦ የሰው መኪና ሲያልፍ ድምፁን እየሰማ፣ «የዚህ ፍሬን አልቋል፣ የዚያኛው ሞተር ይንኳኳል» ሲል ነበር የሚውለው። ሠላሳ ስምንት ዓመት የመሥሪያ ቤት መኪና የነዳ ሰው መሪ ከእጁ ሲወጣ ምን እንደሚሆን ሳትሄድ አይተኸዋል። አሁን ግን በጠዋት ይነሳል፣ ሸሚዙን ራሱ ይተኩሳል፣ ከረባት ያስራል። ከትልቁ ሆቴል ጋር ተነጋግሮ እንግዶች ማመላለስ ጀምሯል። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ዳይሬክተሯን ወደ ሕክምናቸው ይወስዳቸዋል፤ የኛኑ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር። ኩላሊታቸው ደክሟል። ከኋላ በቀኝ በኩል ይቀመጡና «ልጅህ ቁም ነገረኛ ወጣልህ» ይሉታል። ቤት ገብቶ ሦስት ጊዜ ይደግምልኛል።

ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያውን ሰርቪስ አስደረግን። እንዲህ ያለ ውድ መኪና የሚሠራ ጋራዥ እዚህ አንድ ብቻ ነው፤ ወረፋው ሦስት ሳምንት ነው። ወለሉ ከወጥ ቤታችን ወለል ይነጣል። በመስታወት ክፍል አስቀምጠው ቀዝቃዛ ውሃ ሰጡን፤ ዋጋውን ሲነግሩን ውሃው ለምን እንደቀደመ ገባኝ። ዘይትና ፊልትሮ ብቻ የአባባን የወር ጡረታ ጠራርጎ ወሰደ። እኔ ክው ብዬ ስቀር እሱ፣ «የከበረ ነገር የከበረ እንክብካቤ ይፈልጋል» ብሎ ከፈለ።

ከመኪናው ጋር የመጣውን የሰርቪስ ደብተር ቃል በቃል አስተርጉሞኛል። በየአሥር ሺህ ኪሎ ሜትሩ ዘይት፤ በየሁለት ዓመቱ የፍሬን ዘይት፤ ዘጠና ሺህ ላይ ቺንጋ የሚሉት፣ ሞተሩ ውስጥ የሚዞረው ጥርሳም የጎማ ቀበቶ። በቃሉ ይዞታል። ቆጣሪው ዛሬ 61,300 ላይ ነው፤ «ገና ልጅ ነው» ይላል እየደባበሰው።

ምርቃቱን እንዳደርስልህ አዞኛል፤ «እጅህ የነካው ሁሉ ይለምልም» ብሏል።

እህትህ

ጥቅምት 16

ለእህቴ፣ ለቤታችን ምሰሶ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ድረስ ገስግሶ ይድረስሽ። ደብዳቤሽን ከምሠራበት ጋራዥ ጓሮ፣ የተጣለ ጎማ ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። አባባ ከረባት ማሰሩን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ፤ አብሮኝ መኪና የሚያጥበው ሰው ሎተሪ የደረሰኝ መሰለው።

እኔ ደህና ነኝ። ብርዱ ገብቷል፤ ውሃ ነክቶ የዋለ እጅ ማታ ማታ እንደ እንጨት ይደርቃል። እንግዲህ ይህን ለአባባ አትንገሪው። መካኒክ መሆኔን ካመነ እንደዚያው ይመን።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ስለዚያ ቺንጋ ዘጠና ሺህ ድረስ ባትጠብቁ ይሻላል። እዚህ ያሉ መካኒኮች ቀደም አድርጎ መቀየሩን ይመርጣሉ። የሙቀትና የአቧራ አገር ሲሆን ቶሎ ያረጃል ይላሉ። ሌላው ዕቃ ሲበላሽ አስቀድሞ ይነግርሻል፤ ቺንጋ ግን ሳይናገር ነው የሚበጠሰው። ሞተሩ ቀጥ ይላል፣ መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑ አንዴ ሁለቴ ከተረገጠ በኋላ ድንጋይ ይሆናል። እንዲያው ለጥንቃቄ ብዬ ነው። እባክሽ አሁኑኑ ወረፋ ያዙ።

ዳይሬክተሯን እጅ ነሥቷል በያቸው። ስንት ኪሎ ሜትር እንደደረሰ በየደብዳቤሽ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ

ኅዳር 14

ለምወድህ ወንድሜ፣

ጤናህን፣ ሰላምህን፣ እንጀራህን አብዝቶ ይስጥህ። እኛ በሰላም አለን።

መልእክትህን ለአባባ አነበብኩለት። መነጽሩን አውልቆ አየኝና፣ «ሐኪም ሳያዝ መርፌ ውጉኝ የሚል ሰው ታውቂያለሽ?» አለኝ። «አላውቅም» አልኩት። «ወንድምሽ ነዋ» አለኝ። ከዚያ ደብተሩን ከፍቶ ዘጠና ሺህ የሚለውን በጣቱ ጠቆመኝ። «የሠሩት ሰዎች ዘጠና ካሉ ዘጠና ነው። የመኪናውን ፈጣሪ ያላመነ ሰው ምኑን ይነዳል!»

ግትር ሆኖ ብቻ እንዳይመስልህ። ዋጋውን ጠይቀን ነበር። ቺንጋውን ብቻ አይቀይሩም፤ አብረውት የሚሽከረከሩትን፣ የውሃ ፓምፑንም ጭምር ነው። ሆቴሉ በአራት ወር የሚከፍለው ነው። ዕቃው ከውጭ እስኪመጣ ደግሞ ስድስት ሳምንት። ሰው ያለ ጊዜው እንዲህ ያለ ወጪ ያውጣ ብዬ እኔም ልከራከረው አቃተኝ።

ቆጣሪው 66,200 ደርሷል። ሥራ ሞልቶለታል።

ዳይሬክተሯ «እጅ ነሺነቱን ትቶ ደብዳቤ ይጻፍልኝ» ብለዋል። የፊደል ግድፈት እንዳይኖርበት፤ አሁንም በቀይ እስክሪብቶ ያርማሉ።

እህትህ

ታኅሣሥ 10

ለእህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? አባባስ? የናንተን ሰላም ከሰማሁ የኔ ይደርሳል።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር በአንድ ቀን ገንዘብ በባንክ ልኬያለሁ። ለቺንጋው የጠየቁትን ይሸፍናል፤ ትንሽ ይተርፋል። ስጦታ ነው በዪው። ልጅህ ደስ እንዲለው ብለህ አድርገው በዪው። ለሌላ ነገር እንዳይውል አደራ፤ ለልብስም፣ ለቤት ኪራይም፣ ለምንም። ዕቃው ዛሬ ቢታዘዝ ስድስት ሳምንት ነው ብለሻል፤ እንግዲህ ዛሬውኑ ይታዘዝ።

ደግሞ ልጠይቅሽ። ወደ ሆስፒታሉ የሚሄደው በዚያ በቁልቁለቱ ነው? ከታች የአውቶቡስ ፌርማታ ባለበት? በወንዙ በኩል ዞሮ መሄድ ይችላል። ይረዝማል እንጂ ሜዳ ነው። ለምን እንደምጠይቅሽ አትጠይቂኝ፤ እንዲሁ በሐሳቤ መንገዱን ስነዳው አድሬ ነው።

ስንት ደረሰ?

ወንድምሽ

ጥር 8

ለወንድሜ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ገንዘቡ ደርሶናል፤ ፈጣሪ በሌላ ይተካልህ። አባባ ግን ዕቃውን አላዘዘም። ገንዘቡን ፖስታ ውስጥ አድርጎ በላዩ ላይ «ለዘጠና ሺህ» ብሎ ጽፎ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ቆልፎበታል። «ሰማንያ አምስት ሲገባ አዛለሁ፤ ዘጠና ሲሞላ ይቀየራል፤ አበቃ!» ብሏል። ቆጣሪው 71,500 ነው። መንገዱን ግን ስለለመንኩት ለሁለት ሳምንት በወንዙ በኩል ዞረ፤ ከዚያ ዳይሬክተሯ ሕክምናው ረፈደብኝ ስላሉ ወደ ቁልቁለቱ ተመለሰ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እንዳትቆጣ።

ማተሚያ ቤት እንደምሠራ ታውቃለህ። ሥራዬ ስህተት መልቀም ነው፤ ቀኑን ሙሉ ወረቀት ላይ አፍጥጬ የማይገጥመውን እፈልጋለሁ። አመል ሆኖብኝ እሑድ ዕለት የሰርቪስ ደብተሩን አገላበጥኩት። አባባ እንደሚለው በየአሥር ሺህው ማህተም አለ፤ ከአሥር እስከ ሃምሳ፣ አምስት ማህተም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አራት ዓመት ነው። አምስቱም ግን በአንድ እስክሪብቶ የተፈረሙ ናቸው። ሁለተኛው ላይ ቀለሙ እየነጠፈ ይሄዳል፣ ሦስተኛው ላይ ጭራሽ ወረቀቱን ጭሮታል፣ አራተኛው ላይ መለስ ይላል። አራት ዓመት ሙሉ አንድ እስክሪብቶ ሲነጥፍ አይቼ አላውቅም። የአራተኛውን ቀን ደግሞ ቀን መቁጠሪያ ላይ ፈለግሁት፤ እሑድ ነው።

ምናልባት የናንተ አገር ጋራዥ እሑድም ይሠራ ይሆናል። ለአባባ አልነገርኩትም። አንተው ንገረኝ።

እህትህ

መጋቢት 2

ለወንድሜ፣

ሰላም ነህ? ሁለት ወር ሊሞላ ነው ካንተ ወሬ የለም። ታመህ እንደሆነ በማላውቀው ሰው እጅ እንኳ አንድ መስመር አጽፈህ ላክ። ሁለት ጊዜ ደወልኩ፤ ስልኩን ያነሳችው ሴትዮ ክፍሉን ለቋል አለችኝ። የት ነው ያለኸው?

እዚህ ጤና ነን። ቆጣሪው 77,000 ነው። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ጠዋት ሲነሳ ሞተሩ ቀጭን ድምፅ ያወጣል፤ እንደ ትንኝ። ሲሞቅ ይጠፋል። ዘይት ለመቀየር ጋራዥ ስንሄድ አባባ ለመካኒኩ ነገረው። ይህን መካኒክ «ጆሮ» ነው የሚሉት፤ ረጅም ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ ተክሎ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ነው የሚመረምረው። ጆሮ አዳመጠ፤ ቀና ብሎ ቆጣሪውን አየ፤ እንደገና አዳመጠ።

«አባቴ፣ ይህ ሞተር ከዕድሜው በላይ ነው የሚናገረው» አለው።

አባባ ሳቀ። «እኔም በልጅነቴ እንደዚያው ነበርኩ» አለው።

ጆሮ ግን አልሳቀም። ሽፋኑን ፈተን እንየው አለ። ሽፋኑን መፍታት ብቻ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ለብቻው ይከፈልበታል፤ ወረፋው ደግሞ አምስት ሳምንት። አባባ በትሕትና፣ «ጊዜው ሲደርስ አንድ ላይ ትፈታዋለህ» ብሎት ወጣ። እኔ በሩ ላይ ዞር ስል ጆሮ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ያየኝ ነበር።

ስለ ደብተሩ የጠየቅሁህን እባክህ መልስልኝ።

እህትህ

መጋቢት 25

እህቴ፣

ደህና ነኝ። ክፍል ቀይሬያለሁ፤ አድራሻው ከኋላ አለ።

መኪናውን ሽጡት። ዋጋ አትመልከቱ፤ የመጣ ይግዛው። አባባ ይከፋዋል፤ አውቃለሁ። ሽማግሌ ሆነሃል፣ ዓይንህ ደክሟል በዪው። እንዳይነዳ ሐኪም ከልክሎታል በዪ። ያሻሽን በዪ። ብቻ መሪውን አይጨብጥ። እስኪሸጥ ድረስ ቁልፉን አንቺ ያዢው።

ባለፈው እሑድ ደውዬ ነበር። የቤት አከራያችሁ ስልኩን ለአባባ ሰጠችው። «መኪናው እንደ ሰዓት ነው!» አለኝ ገና ድምፄን ሲሰማ። «ስንቱን እንግዳ ሳመላልስ አንድ ቀን አላሳፈረኝም፤ አንተም እንደሱ ነህ» አለኝ። ስለ አየሩ አውርቼ ዘጋሁ።

ወንድምሽ

ሚያዝያ 20

ለወንድሜ፣

ሽጡት ያልከውን ለአባባ ነገርኩት። ነገርኩት እንጂ ያንተን ውሸት አልዋሸሁለትም። ዓይኑ ከኔ ይሻላል።

ምሳውን ሳይጨርስ ተነሳና ውጭ ወጥቶ መኪናውን ማጠብ ጀመረ፤ በዚያው ጠዋት ታጥቦ የነበረውን መኪና። ኋላ ገብቶ፣ «ገንዘብ ቸግሮት ከሆነ በግልጽ ይንገረኝ። መኪናውም የሱ ነው፤ ነገ እሸጥለታለሁ። ካልሆነ ግን የሰጠኝን አይንጠቀኝ» አለኝ። ድምፁ ሲንቀጠቀጥ የሰማሁት እማዬ የሞተች ዕለት ብቻ ነበር። ቁልፍ ንጠቂው ያልከኝን ከየት አምጥቼ ላድርገው?

ይልቅ ደስ የሚልህን ልንገርህ። ያ ትንኝ ድምፅ ሲሞቅም አልጠፋ ብሏል፤ አባባ ሳልነግረው ራሱ ሄዶ ዕቃውን አዟል። 82,400 ላይ ነው ያዘዘው፤ ለሱ ይህ ትልቅ ሽንፈት ነው። ዕቃው ተጓጉዞ፣ ወረፋው ደርሶ፣ ቀን የሰጡት ሰኔ 28 ነው። ጆሮ ራሱ ይሠራዋል።

ሰሞኑን አከራያችን ቤት ስልክ ይደወላል፤ «ሃሎ» ሲባል ይዘጋል። ሦስት ጊዜ። ደዋዩ ሲተነፍስ ይሰማል ትላለች።

ወንድምዓለም፣ ስለ ማህተሞቹ አልመለስክልኝም። እኔም ለአባባ አልነገርኩም። አንዳንዴ ጠዋት ከረባቱን ሲያስር አየውና ልናገር አፌን እከፍታለሁ፤ ደስታውን ሳይ እዘጋለሁ። ሰኔ 28 ይድረስና ያልፋል እላለሁ። ያልፋል አይደል?

እህትህ

ግንቦት 29

እህቴ ሆይ፣

ሰላምታ ልጽፍ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። ስለዚህ በቀጥታ ልናገር።

ቆጣሪው ውሸት ነው። መኪናውን ስገዛው 118,000 ነበር። ስድሳ ሺህ አስቀንሼበታለሁ።

እንዲህ ነው የሆነው። ባለቤቱ ወደኛ ጋራዥ ያመጣው ለዚያው ለቺንጋው ነበር። ዘጠና ሺህ ላይ መቀየር ሲገባው ሃያ ስምንት ሺህ አሳልፎታል። ዋጋውን ሲነግሩት ተናደደ፤ ይህን ከማወጣ እሸጠዋለሁ አለ። እኔ ጎማውን እያጠብኩ ሰማሁ። የቅንጦት መኪና በግማሽ ዋጋ! የአባባ ወንበር መስኮቱ ሥር ታየኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ «መካኒክ ነኝ፣ እየተሳካልኝ ነው» ያልኩት ታየኝ። ያለኝን አሟጥጬ፣ የሌለኝን ተበድሬ ገዛሁት።

ቺንጋውን ቀይሬ ልልከው ነበር። እመኚኝ፤ በእናታችን አጥንት። የገዛ ጋራዤ የሁለት ወር ደሞዜን ጠየቀኝ፤ ዕቃው እስኪመጣ ሦስት ሳምንት አለኝ። መርከቡ ደግሞ በዘጠኝ ቀን ይነሳል። የሚቀጥለውን ብጠብቅ ለማቆሚያው በየቀኑ የምከፍለው የለኝም። እዚያ ሲደርስ ያስቀይሩታል አልኩ። ከዚያ አንድ ሰው መጣ፤ ቆጣሪ የሚመልስ፣ ደብተርም ከነማህተሙ የሚሸጥ። አባባ አሮጌ መኪና ላከልኝ እንዳይል ብዬ ነው። ደብተሩን ወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ በአንድ ጊዜ ሲሞላው አይቻለሁ። እስክሪብቶው ሲነጥፍበት ተሳድቦ ነበር። አንቺ ያየሽው ያንን ነው።

አባባ መኪና ባይወድ፣ ግድ የለሽ ቢሆን ኖሮ ቀደም ብሎ በሆነ ነገር ጋራዥ ይገባና ይታይ ነበር። እሱ ግን ደብተሩን አምኖ፣ ቁጥሩን ጠብቆ፣ አንዲት ቀን ሳያዛንፍ የሰጠሁትን ውሸት ታዘዘ።

የሚደውለውም እኔ ነበርኩ። አከራይዋ «ሃሎ» ስትል ስልኩን እዘጋዋለሁ።

በፈጣን ፖስታ ነው የምልከው፤ በአሥር ቀን ይደርሳል ብለውኛል። እንደደረሰሽ ለአባባ ስጪው። ይጥላኝ። ይርገመኝ። ሰኔ 28ን አትጠብቁ፤ መኪናው ካለበት ንቅንቅ አይበል። ቁጥሩ ዛሬ ስንት እንደሆነ አላውቅም፤ ስድሳ ሺህ ጨምሪበት።

ወንድምሽ

ሰኔ 6

ወንድሜ፣

ሐሙስ ሰኔ 1 አባባ አደጋ ደርሶበታል። በሕይወት አለ።

ዳይሬክተሯን ይዞ ቁልቁለቱን ሲጀምር ሞተሩ ጠፋ። እሱ እንደነገረኝ፣ «እንደ ሻማ እፍ አለ።» ፍሬን ረገጠ፤ ያዘለት። ደግሞ ረገጠ፤ ጥቂት ያዘለት። ሦስተኛው ላይ ድንጋይ ሆነ። የእጅ ፍሬን ሳበ፤ መኪናው ከባድ ነው፣ ቁልቁለቱ ይጎትታል፣ ጎማው ጮኸ እንጂ አልቆመም። ከታች ፌርማታው ላይ ሰው ተሰልፏል። ሁለት ሰዓት ከሩብ ነበር፤ የሥራ መግቢያ።

«ዳይሬክተር፣ አጥብቀው ይያዙ» አላቸው።

«ያዝኩ» አሉት። እንደ ትምህርት ቤቱ ሰልፍ ረጋ ብለው።

መሪውን በሁለት እጁ፣ በደረቱም ጭምር ገፍቶ የእንጨት መሸጫው ግንብ ላይ አስገባው። በቀኝ በኩል ነው የገባው። ሰልፉ ላይ ከቆመ ሰው አንድም አልተነካም።

አባባ ሁለት የጎን አጥንቱ ተሰብሯል። ዳይሬክተሯ ዳሌያቸውና ውስጣቸው ተጎድቷል፤ ነቅተው ያወራሉ፣ ሐኪሞቹ ግን ዓይን ዓይኔን አያዩኝም። የትራፊክ መርማሪው ቺንጋው በጣም ማርጀቱን ጽፎ አባባን በቸልተኝነት ይዞታል። ጣቢያው ውስጥ አግዳሚ ላይ ጎኑን ደግፎ ተቀምጦ አገኘሁት። «ጥፋቱ የኔ ነው» ብሎ ፈርሟል። «ድምፁን ሰምቼ ነበር። ቀን ቆጠርኩ» ነው የሚለው። ደብተሩን ደግሞ ከኪሱ አውጥቶ ለመርማሪው ያሳየዋል፤ «ግን እኮ ገና 86,100 ነው፤ እንዴት ሆነ?» ይለዋል። መርማሪው ትከሻውን ይሰብቃል።

ትናንት ጆሮ ጋ ሄድኩ። የተበጠሰውን ቺንጋ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋልኝ። ጥርሶቹ ተልጠዋል፤ በጥፍሬ ስነካው ተፈረፈረ። «እህቴ፣ ይህ የሰማንያ ስድስት ሺህ ቺንጋ አይደለም» አለኝ። «የስንት ነው?» አልኩት። «የላከውን ሰው ጠይቂው» አለኝ።

እየጠየቅሁህ ነው። ስንት ነበር?

እህትህ

ሰኔ 26

ለልጄ፣

እኔ ደብዳቤ መጻፍ እንደማልወድ ታውቃለህ፤ የምለውን እህትህ ነበረች የምታሳምርልኝ። ይህን ግን በራሴ እጅ ነው የምጽፈው፤ ግድፈት ቢኖርበት ይቅር በለኝ።

ደብዳቤህ ሰኔ 9 ደረሰ። እህትህ ጣቢያ ድረስ ይዛው መጣች። ዓይኗን ሳየው የሰው ሞት ልታረዳኝ መሰለኝ። መስኮቱ ጋ ሄጄ አነበብኩት። ስጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው አነበብኩት። አጠገቤ የነበረው እስረኛ «የመፈቻ ትእዛዝ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ዳይሬክተሯ ሰኔ 11 ቀን አረፉ።

በዋስ ተለቅቄ ቀብራቸው ላይ ቆምኩ፤ ራቅ ብዬ። በማግስቱ ልጃቸው ከምትሠራበት መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ስታየኝ እጇ ላይ የነበረውን ጠርሙስ አስቀመጠች። ከጓሮ በካርቶኖቹ መሀል አስገባችኝ። ደብዳቤህን አውጥቼ አነበብኩላት፤ አንዲት ቃል አልዘለልኩም። ወጥ ቤትህ ጠረጴዛ ላይ ደብተሩን የሞላውን ሰው ጭምር።

«ለምን አመጣኸው? ማን አስገደደህ?» አለችኝ።

«ከመርማሪው አፍ ከምትሰሚው ከኔ ብትሰሚ ብዬ ነው» አልኳት።

«ልጅህን አሳልፈህ ልትሰጥ ነው?» አለችኝ።

«እናትሽ አርባ ዓመት ያስተማሩት ውሸት አትጻፉ ብለው ነው። በሳቸው ሞት ላይ ውሸት ተጽፎ እንዲቀር አልፈልግም» አልኳት።

ከዚያ ሄጄ ለመርማሪው ሰጠሁት። ሲያነበው ፊቱን አየሁ። «አባቴ፣ ይህን ባያሳዩኝ ማንም አያውቅም ነበር» አለኝ። እኔ አውቅ ነበር አልኩት። የፈረምኩትን «ጥፋቱ የኔ ነው» የሚለውን ልቅደደው ወይ አለኝ። አትቅደደው፤ ድምፁን ሰምቻለሁና ድርሻዬ ይቀመጥ አልኩት።

እህትህ ስለ ማህተሞቹ ነግራኝ አልቅሳለች። በአንድ ቤት ሦስት ሰዎች አንዳንድ ነገር ይዘን ዝም አልን፤ የከፈሉት ግን ምንም ያልያዙት ሆኑ። እሷን ይቅር ብያታለሁ። አንተን ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ አልጽፍም፤ ገና አላልኩምና። ለማስደሰቴ ብለህ እንዳደረግኸው አውቃለሁ። አሮጌ ነው ብለህ ብትልከው ኖሮ በዚያው ሳምንት አስፈትቼው ነበር። እኔ አሮጌ መኪና ስነዳ ነው ያሳደግሁህ። መኪና አጣቢ መሆንህም አያሳፍረኝም ነበር፤ እኔን ማን ይመስልሃል በየማለዳው የመሥሪያ ቤቱን መኪና ያጥብ የነበረው?

መርማሪው የነገረኝን ልንገርህ። ስምህ ተመዝግቧል። የመጣህ ዕለት ከአውሮፕላን ማረፊያው መግቢያ ላይ ይይዙሃል። ስንት እንደሚፈረድብህ አልነገረኝም፤ ቀላል አይደለም ብሏል። ይህን የምጽፍልህ እንዳትመጣ አይደለም። አውቀህ እንድትመጣ ነው። እዚያው ብትቀር የሚነካህ የለም፤ ምርጫው ያንተ ነው። የሟች ልጅ ግን በየሳምንቱ ታልፋለች በደጃችን። «ጻፈ?» ትለኛለች። «አልጻፈም» እላታለሁ። ትሄዳለች።

መንጃ ፈቃዴን መልሰውልኛል። መሳቢያ ውስጥ ነው፤ አልነዳም።

የምትመጣበትን ቀን ወስነህ ጻፍልኝ። እውነተኛውን ቀን። በእግሬ መጥቼ በሩ ላይ እቆማለሁ፤ ሲይዙህ ብቻህን እንዳትሆን።

አባትህ